ጥያቄና መልስ፦ ፋንጂዮ ጎማ ሊቀይር የቆመ ዕለት

ስለ 1957ቱ የጀርመን ግራንድ ፕሪ የመጡት ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉውን ለእሱ ሰጥተነዋል። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ውድድሩን ለማያውቅ ሰው ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኦገስት 4 ቀን 1957 በኑርበርግሪንግ 22.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዙር 22 ጊዜ ተዞረ። አርጀንቲናዊው ሁዋን ማኑኤል ፋንጂዮ በማሴራቲ 250ኤፍ እየመራ ሳለ ነዳጅ ለመሙላትና ጎማ ለመቀየር ቆመ። ተመልሶ ሲወጣ የፌራሪዎቹ እንግሊዛውያን ማይክ ሆቶርንና ፒተር ኮሊንስ በ48 ሰከንድ ገደማ ቀድመውታል። አሳደዳቸው፤ በ21ኛው ዙር ሁለቱንም አለፋቸውና በ3.6 ሰከንድ አሸነፈ። ዕድሜው 46 ነበር። አምስተኛውን የዓለም ሻምፒዮንነት ያረጋገጠውም በዚያው ዕለት ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማሳደዱ ነው፤ እኔን ያልገባኝ መቆሙ ነው። ፌራሪዎቹ ሳይቆሙ ከጨረሱ እሱን ምን አስቆመው? ነዳጁ በድንገት አልቆበት ነው?

መልስ፦ በድንገት የሆነ ነገር የለም። ማሴራቲ ግማሽ ነዳጅ ይዞ ለመነሳትና መሐል ላይ ለመቆም የወሰነው ከውድድሩ በፊት ነው። ምክንያቱ ከጎማው ይጀምራል።

ፌራሪዎቹ የገጠሙት ኤንግልበርት ጎማ ጠንከር ያለ ስለነበር 500 ኪሎ ሜትሩን ሳይቀየር ይችላል ተብሎ ታሰበ። የማሴራቲው ፒሬሊ ለስላሳ ነው። መንገዱን የበለጠ ይይዛል፤ ግን ቶሎ ይበላል፣ እስከ መጨረሻው አያደርስም። ስለዚህ ማሴራቲ ለጎማ ሲል የግድ ይቆማል። የግድ ከቆመ ደግሞ ከመነሻው ታንኩን ሞልቶ የሚጎተትበት ምክንያት የለም።

ክብደቱን እናስላው። የዚያ ዘመን የውድድር ነዳጅ በአልኮል ላይ የተመሠረተ ድብልቅ ነው። አንድ ሊትር ሜታኖል 0.79 ኪሎ ግራም ይመዝናል። 100 ሊትር ሲቀነስ 79 ኪሎ ይቀልላል ማለት ነው፤ የመኪናው የራሱ ክብደት ደግሞ 630 ኪሎ አካባቢ ነው። አንድ ሙሉ ሰው ከመኪናው እንደ ማውረድ ነው። በዚያ ላይ ታንኩ ከነጂው ጀርባ፣ ጭራው ውስጥ ስለሆነ ሸክሙ ሁሉ ያረፈው ከኋላ ነው። ታንኩ ሙሉ ሲሆን ኩርባ ላይ ጅራቱ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል፣ የኋላ ጎማ ይፈጃል፣ ፍሬኑም ቶሎ ይግላል።

ፋንጂዮ በሦስተኛው ዙር ፌራሪዎቹን አልፎ መምራት ጀመረ፤ በ12ኛው ዙር መጨረሻ ሲቆም ወደ 30 ሰከንድ የሚሆን ልዩነት አበጅቶ ነበር። በእኛ ግምት የማሴራቲ ስሌት ትክክል ነበር፤ ያበላሸው ፒቱ (መኪናዎች ለነዳጅና ለጎማ የሚቆሙበት ቦታ) ነው። የፌራሪም ውሳኔ ሞኝነት አልነበረም። የማይቆም መኪና ፒት ውስጥ የሚበላሽበት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። በ30 ሰከንድ እየመራ ገባ፤ የቆመው 53 ሰከንድ ያህል ነው ይባላል። ታዲያ 23 ሰከንድ ወደ ኋላ መቅረት ሲገባው 48 ከየት መጣ?

መልስ፦ ቀሪው 25 ሰከንድ ፒት ውስጥ በተያዘው ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። ሰዓት ያዡ የሚለካው መኪናው ከቆመበት እስከ ተነሳበት ያለውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ ይገባል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከዜሮ ተነስቶ፣ በአዲስ ነዳጅ በከበደ መኪና ፍጥነቱን ይመልሳል። አዲስ ጎማ ሲወጣ ላዩ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው፤ ላዩ ተፍቆ እስኪሞቅ ድረስ መንገዱን በደንብ አይዝም፣ በመጀመሪያው ዙር ገፍተህ ብትነዳው ይንሸራተታል። የሁሉም ድምር ነው 25 ሰከንዱ።

ዛሬም ማቆሚያ የሚያሰላ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፤ የቆመበትን ሰዓት ብቻ ይቆጥራል። መለካት ያለበት የመግቢያው ዙርና የመውጫው ዙር ሰዓት ተደምሮ ከሁለት መደበኛ ዙር ሰዓት የሚበልጥበት ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ ያን ጊዜ ጎማ የሚቀየረው እንዴት ነበር? ምንድን ነው 53 ሰከንድ የፈጀው?

መልስ፦ ጎማው እንደ ዛሬ የቤት መኪና በአራት ወይም በአምስት ዳዶ አልታሰረም። ቸርኬው መሐል ላይ አንድ ትልቅ ባለ ጆሮ ዳዶ ብቻ አለው። መካኒኩ ጆሮውን በመዶሻ እየመታ ይፈታዋል፣ ያጠብቀዋል። መዶሻው የመዳብ ወይም የእርሳስ መሆን አለበት፤ ብረት በብረት ሲመታ ጆሮው ይሰበራል፣ እሳትም ይረጫል። አጠገቡ ነዳጅ እየተቀዳ እሳት መርጨት ምን እንደሚያመጣ መናገር አያስፈልግም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መኪናው ሲቆም ክሪኩ ከኋላ ገብቶ ያነሳዋል። ዳዶው በሁለት ሦስት ምት ይላላና ቀሪው በእጅ ይሽከረከራል። ቸርኬው ጥርስ ካለው እምብርት ላይ ቀጥ ተደርጎ ይሳባል፤ ካጋደለ ይነክሳል። አዲሱ ቸርኬ ጥርስ ለጥርስ ተገጣጥሞ ይገባል። ከዚያ ዳዶው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዙሮች በእጅ ብቻ ይዞራል፤ በመዶሻ የሚመታው ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ዘሎ ወዲያው መዶሻ ያነሳ መካኒክ ጥርሱን አቋርጦ ያስገባዋል፤ እንደዚያ የገባ ዳዶ ወደፊትም ወደኋላም አይልም። የግራና የቀኝ ጎን ጥርስ አቅጣጫም የተለያየ ነው፤ እንዲህ የተሠራው መኪናው ሲሄድ ዳዶው እንዳይላላ ነው። የአንዱ ጎን ዳዶ ለሌላው አይሆንም።

ፋንጂዮ ከመኪናው ወርዶ የሚጠጣ ነገር ቀመሰ፣ መነጽርም ቀየረ። የኋላ ጎማዎቹ ሲቀየሩ ከዳዶዎቹ አንዱ አምልጦ መኪናው ሥር ተንከባለለ፤ ፍለጋው ብቻ ግማሽ ደቂቃ ያህል በላ እየተባለ ሲተረክ ኖሯል። ሰከንዱን በትክክል ማን እንደለካው ማጣራት ከባድ ነው። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው። በየጎኑ አንድ ትርፍ ዳዶ በመካኒኩ ወገብ ላይ ይንጠልጠል። የወደቀውን መፈለግ ከውድድሩ በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ፋንጂዮ በ20ኛው ዙር 9 ደቂቃ ከ17.4 ሰከንድ ዞረ። በማጣሪያው የያዘው ምርጥ ሰዓት 9:25.6 ነበር። መኪናው ያው፣ ሰውየው ያው። 8 ሰከንዱ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ወደ መሬት እናውርደው። ያ ዙር ከ170 በላይ ኩርባ አለው። 8.2 ሰከንድ በ170 ሲካፈል ለአንድ ኩርባ የሚደርሰው 5 መቶኛ ሰከንድ የማይሞላ ነው፤ ዓይን ከመጨፈን ያነሰ ጊዜ። አንድ ኩርባ ላይ ይህን ማግኘት ማንም ጥሩ ነጂ ይችላል። አስቸጋሪው በ170ውም ላይ ማግኘት ነው፤ አንዱም ላይ ሳይከስሩ።

ፋንጂዮ ራሱ ኋላ እንዳስረዳው በአንዳንድ ፈጣን ኩርባዎች ላይ ከወትሮው በአንድ ከፍ ባለ ማርሽ ይነዳ ነበር። በሦስተኛ ይገባበት የነበረውን በአራተኛ ይገባል እንበል። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማርሽ ለመቀነስና መልሶ ለመጨመር የሚጠፋው ጊዜ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በከፍተኛ ማርሽ ወደ ጎማው የሚደርሰው ጉልበት ረጋ ያለ ስለሆነ የኋላ ጎማ በከንቱ አይሽከረከርም፤ የሚንሸራተተው መኪና ወደ ጎን ሳይሆን ወደፊት ይሄዳል። ጉዳቱም አለ። በከፍተኛ ማርሽ ሞተሩ መኪናውን አይዝም። በፍጥነት አብዝተህ ከገባህ ነዳጅ መስጫውን መልቀቅ አያድንህም። መሐል ላይ ሐሳብ መቀየር የለም።

የመኪናው አያያዝም ከጎኑ ነበር። 250ኤፍ በሚዛኑ የታወቀ መኪና ነው፦ ከፊት 2,493 ሲሲ፣ በረድፍ 6 ሲሊንደር፣ 270 ፈረስ ጉልበት አካባቢ የሚሰጥ ሞተር፤ ከኋላ ከዲፈረንሻሉ ጋር የተጣመረ ካምቢዮ። ጅራቱ ሲወጣ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ነጂው በመሪና በነዳጅ መስጫ እያስተካከለ አራቱንም ጎማ እያንሸራተተ ኩርባውን ሊጨርስ ይችላል። (ለማያውቅ ሰው ፔዳሉ ወጥመድ ነው። ፍሪሲዮኑ በግራ፣ ነዳጅ መስጫው መሐል፣ ፍሬኑ በቀኝ ነው። የለመደው የቤት መኪና ከሆነ ፍሬን ረገጥኩ ብሎ ነዳጅ ይሰጣል።)

ሌላም ረዳት ነበረው። በ20ኛው ዙር ታንኩ ሊራገፍ የቀረው ትንሽ ነው፤ ጎማው ደግሞ ሞቆ ገና አላለቀም። መኪናው በውድድሩ ሁሉ ምርጥ ሁኔታው ላይ የነበረው በዚያ ሰዓት ነው። ስሌቱ እስከዚህ ያስረዳል። ማጣሪያውም ላይ ግን ማንም ታንኩን ሞልቶ አይወጣም፤ ስለዚህ 8ቱ ሰከንድ በሙሉ የነዳጅ ክብደት ናቸው ማለት አንችልም። ቀሪው የሰውየው ነው። ከዚያ ወዲያ እንደዚያ መንዳት እንደማይፈልግ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ያሸነፈው የመጨረሻው የዓለም ሻምፒዮና ውድድርም ይኸው ሆነ።

ለማነጻጸር፦ የ1956ቱ የዙር ክብረ ወሰን 9:41.6 ነበር፤ ያስመዘገበውም ራሱ ፋንጂዮ፣ ያን ጊዜ በፌራሪ። በአንድ ዓመት ውስጥ 24.2 ሰከንድ ወረደ።

ጥያቄ፦ ፌራሪዎቹ 48 ሰከንድ ይዘው እንዴት ተኙ? ከፒት ሰሌዳ አይታይላቸውም ነበር?

መልስ፦ ይታይላቸው ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ግን ያረጀ ወሬ ነው።

በኑርበርግሪንግ አንድ ዙር 9 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ሆቶርን ፒቱን ሲያልፍ ሰዓት ይያዛል። ከ40 ሰከንድ በኋላ ፋንጂዮ ያልፋል፤ ልዩነቱ አሁን ታወቀ። ሆቶርን ግን ሄዷል። እርግጥ መንገዱ ከፒቱ ፊት አልፎ በደቡቡ መታጠፊያ ዞሮ ከፒቱ ጀርባ ስለሚመለስ ሰሌዳ እዚያ ጋ የሚያሳይ ሰው ማቆም ይቻላል፤ 40 ሰከንድ ሲሆን ግን እሱም ጠባብ ነው። ካመለጠ ነጂው ያን ቁጥር የሚያየው ከአንድ ሙሉ ዙር በኋላ ነው። አሳዳጁ በየዙሩ 8 ሰከንድ የሚቀንስ ከሆነ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው 40 በሚነበብበት ጊዜ እውነተኛው ልዩነት 32 ሆኗል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጨመረ። ፋንጂዮ ከቆመ በኋላ አዲሱን ጎማ ሲያሞቅ መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ አልጠበበም፤ ይህን ያየ የፌራሪ ፒት ቢረጋጋ አይፈረድበትም። ሆቶርንና ኮሊንስም እርስ በርሳቸው እየተቀዳደሙ ነበር። ሁለት መኪና ሲፎካከር የኩርባውን ጥሩ መስመር አንዱ ይዘጋል፣ ሁለቱም ይዘገያሉ።

አሁን የፋንጂዮን ሥራ አስሉት። 10 ዙር ቀርቶታል፤ 48 ሰከንድ ለመቁረጥ በዙር 4.8 ሰከንድ ያስፈልገዋል። ይህ በአንድ ኪሎ ሜትር 0.21 ሰከንድ ነው፤ በ143 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲነዱ 8 ሜትር ከምናምን። በየኪሎ ሜትሩ ሁለት የመኪና ቁመት ማግኘት ማለት ነው። እንዲህ ሲታይ የማይቻል አይመስልም፤ ሰሌዳ ላይ 48 ተጽፎ ሲታይ ግን ያበቃለት ይመስላል።

ሰሌዳ ለሚይዝ ሰው ምክራችን፦ ልዩነቱን ብቻ አትጻፍ። ከሥሩ ካለፈው ዙር የተቀየረውን፣ ከዚያ የቀረውን ዙር ጻፍ። 40፣ ከሥሩ 8 ሲቀነስ፣ ከሥሩ 7 ዙር። ነጂው 8ን በ7 አባዝቶ 56 ሲመጣበት ማንም ሳይነግረው እግሩን ይጫናል።

ጥያቄ፦ በድሮ ፎቶዎች ላይ ከመነሻው በፊት መካኒኮች ካንዴላ ሲነቅሉ ይታያሉ። ሞተሩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ያ የየዕለቱ ሥራ ነው። የ250ኤፍ እያንዳንዱ ሲሊንደር 2 ካንዴላ ስላለው 12ቱም ሁለት ጊዜ ይገባሉ። ሞተሩ የሚሞቀው በ«ሞቃት» ካንዴላ ነው። የሸክላው አፍንጫ ረጅም ስለሆነ ሙቀት ይይዛል፤ በቀዝቃዛ ሞተር የሚመጣውን እርጥበትና ዘይት አቃጥሎ ያጸዳል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ይጠፋና «ቀዝቃዛ» ካንዴላ ይገባል። የዚህኛው አፍንጫ አጭር ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያስተላልፋል።

ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሁለት ዓይነት ችግር ይመጣል። ቀዝቃዛው በቀዝቃዛ ሞተር ከገባ አልኮሉ ያረጥበዋል፣ አይተኩስም። ሞቃቱ በስህተት ገብቶ ውድድር ከተወጣበት ደግሞ ጫፉ ፍም ይሆናል፤ ብልጭታ ሳይጠብቅ ነዳጁን ይለኩሳል፣ ፒስተኑን ይበሳል። ጭንቅላቱ አሉሚኒየም ስለሆነ ሲገባ በእጅ ይጀመር፤ በመፍቻ መጀመር ጥርሱን ይበላዋል። የተነቀሉትን 12 ቆጥሮ ማስቀመጥም ደንብ ነው፤ 11 ከሆኑ አንዱ ገና ሞተሩ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አልኮል ነዳጅ ከቤንዚን በምን ይሻላል? ለምንስ ቀረ?

መልስ፦ ሜታኖል ሲተን ብዙ ሙቀት ስለሚስብ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ጥቅጥቅ ይላል። ሳይተኩስ መታመቅም ስለሚችል ቤንዚን በማይችለው እመቃ ይሠራል። ዋጋው ፍጆታው ነው። በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር ይበቃል፤ ለ1 እጅ ሜታኖል 6.5 ብቻ። ስለዚህ ከእጥፍ በላይ ይጠጣል፤ የካርቡራተሩ ዢክለርም (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ) በዚያው ልክ መስፋት አለበት። ሳይሰፋ ሜታኖል የተሞላበት ሞተር ነዳጅ አንሶት ይቃጠላል።

በዚህ ነዳጅ ለሚሠራ ሰው ሦስት ጥንቃቄ አለ። እሳቱ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ከውሃ ጋር ስለሚቀላቀል በብዙ ውሃ ይጠፋል፤ ባልዲ ሳያስቀምጡ አይቅዱ። በቆዳም ይገባል፣ መርዝ ነው። ሥራ ሲያበቃ ታንኩንና ካርቡራተሩን አፍስሰው በቤንዚን ያጥቡ፤ እርጥበት ስቦ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ይበላል፣ ዢክለሩን በነጭ ዱቄት ይደፍናል።

የቀረው በ1958 ነው። የአውሮፕላን ቤንዚን ግዴታ ሆነ፤ የውድድሩ ርዝመትም ከ500 ኪሎ ሜትር ወይም 3 ሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ወይም 2 ሰዓት ዝቅ አለ። በአነስተኛ ታንክ ሳይቆሙ መጨረስ ቀላል ሲሆን ማሴራቲ በኑርበርግሪንግ የሞከረው ዓይነት ስሌት ትርጉሙን አጣ።

ጥያቄ፦ ፋንጂዮ በ1957 ያገኘውን ነጥብ ስደምር 46 ይመጣል። ሰንጠረዡ 40 ይላል። ማነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማንም። ነጥቡ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ 8፣ 6፣ 4፣ 3፣ 2 ሲሆን ፈጣኑን ዙር ለዞረ 1 ይጨመር ነበር። ፋንጂዮ በአርጀንቲና 8፣ በሞናኮ 9፣ በፈረንሳይ 8፣ በጀርመን 9 አገኘ፤ በፔስካራና በሞንዛ ሁለተኛ ሆኖ ሁለት ጊዜ 6 ወሰደ። ድምሩ 46 ነው። ደንቡ ግን ከ8 ውድድር ምርጥ 5 ውጤት ብቻ ይቆጥራል፤ ስለዚህ አንዱ 6 ይጣላል።

ጥያቄ፦ ዛሬ የመንገድ መኪና ኑርበርግሪንግን ከ7 ደቂቃ በታች ይዞራል። ታዲያ 9:17 ምኑ ይደነቃል?

መልስ፦ ዙሩ አንድ አይደለም። የዛሬው 20.8 ኪሎ ሜትር ሲሆን የያኔው 22.8 ነበር፤ የመነሻው ቀለበት በ1980ዎቹ ፈርሷል። በ1970 እና 1971 ደግሞ መኪና የሚዘልባቸው ጉብታዎች ተስተካከሉ፣ የብረት አጥርም ተሠራ። በ1957 ከመንገዱ ዳር ያለው ቁጥቋጦ፣ ቦይና ዛፍ ነው። ነጂው ቀበቶ የለውም፤ መኪናው ሲቃጠል ተወርውሮ መውጣት ይሻላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ፋንጂዮ መጨረሻ ላይ የመቀመጫው ማሰሪያ ተሰብሮበት በጉልበቶቹ የመኪናውን ጎንና ጎን ተጭኖ ነው የነዳው። ሰዓቱን ማነጻጸር ከተፈለገ ከዚያው ዕለት ጋር ይነጻጸር፤ እንግሊዛዊው ስተርሊንግ ሞስ ሌላ ቦታ ፈጣን በነበረው ቫንዎል በተባለው የእንግሊዝ መኪና አምስተኛ ወጣ፣ የመኪናው ሞላና አሞርዛተር ያን ሸካራ መንገድ አልቻሉትም።

ጥያቄ፦ የታምቡር ፍሬን ያለው አሮጌ መኪና አለኝ። ሲግል ፔዳሉ ይወርዳል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ግራ ይስባል። የእነ ፋንጂዮ መኪና እንዴት ቻለው?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያየ በሽታ ናቸው። ሲግል ታምቡሩ ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ፔዳሉ የሚወርደው ለዚህ ነው። ሸራውም ሲያልፍበት መያዝ ይተዋል። የ250ኤፍ ታምቡሮች ትልልቅና አየር እንዲያገኙ ክንፍ የወጣላቸው ነበሩ፤ ነጂዎቹም ፍሬን በአጭሩና በኃይል ይይዙና ይለቁ ነበር፣ ቁልቁለቱን ሙሉ እግራቸውን አያሳርፉም።

ወደ አንድ ጎን መሳቡ የማስተካከል ጉድለት ነው። አራቱንም ጎማ ከመሬት አንሱ። እያንዳንዱን ማስተካከያ ጎማው እስኪያዝ አጥብቁ፣ ከዚያ በነጻ እስኪዞር ብቻ አላሉ፣ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ረግጣችሁ እንደገና ፈትሹ። አሁንም ወደ ግራ ከሳበ ጥፋተኛውን በቀኝ ፈልጉ፦ ሸራው ዘይት ወይም የፍሬን ፈሳሽ ነክቶታል፣ ወይም ሲሊንደሩ ተጣብቋል። ዘይት የነካው ሸራ ታጥቦ አይድንም፤ በአንድ መስመር ላይ ያሉት የሁለቱም ጎኖች አብረው ይቀየራሉ። ሲይዝ ፔዳሉ እግር ሥር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ታምቡሩ ክብነቱን አጥቷል፣ ቶርኖ ይግባ።

ጥያቄ፦ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ የትኛው ማሴራቲ፣ የትኛው ፌራሪ እንደሆነ በምን እለያለሁ? ሁለቱም ቀይ ናቸው።

መልስ፦ ቁጥሩ ከታየ ቀላል ነው። ማሴራቲ፦ ፋንጂዮ 1፣ ቤራ 2፣ ሼል 3። ፌራሪ፦ ሙሶ 6፣ ኮሊንስ 7፣ ሆቶርን 8። ቫንዎል፦ ሞስ 10፣ ብሩክስ 11። ቁጥሩ ካልታየ ጭስ ማውጫውን ተመልከቱ። ማሴራቲው 6 ሲሊንደሩ በአንድ ረድፍ ስለሆነ ቧንቧው በግራ ጎን ብቻ ነው። ፌራሪው ቪ8 (8 ሲሊንደሩ በሁለት ረድፍ) ስለሆነ በሁለቱም ጎን ያወጣል። መሐላቸው ትንንሽ መኪናዎች ከታዩ አትደነቁ፤ 1.5 ሊትር የፎርሙላ 2 መኪናዎችም አብረው ሮጠዋል፣ ከእነሱ አንደኛ የወጣው ኤድጋር ባርት በፖርሽ ነው። ቁጥር 1 መኪና ቁጥር 7ን ወይም 8ን ተከትሎ የሚታይበት ፎቶ ካገኛችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ወይም በመጨረሻዎቹ ላይ የተነሳ ነው፤ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ዙር የሚመራው እሱ ነበር፣ ከዚያ እስኪደርስባቸው ደግሞ በአንድ ፎቶ ለመታየት በጣም ሩቅ ነበሩ።